ጠጥተው ተያዙ? ከመፈረምዎና ግቢውን ጥለው ከመሄድዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ፣ ተማሪ በመጠጥ ምክንያት የሚያዘው ወይ ግቢ በር ላይ ነው፣ ወይ ከግሮሰሪና ከአረቄ ቤት ወጥቶ መንገድ ላይ። በር ላይ ከሆነ ጥበቃው ትንፋሹን ያሸታል፣ መታወቂያውን ይቀበለዋል፣ ስሙን፣ የትምህርት ክፍሉንና የዶርም ቁጥሩን መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ሲነጋ ጉዳዩ ተማሪዎች ዲን ቢሮ ይደርሳል። መንገድ ላይ ጭቅጭቅ ወይም ድብድብ ተነስቶ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን ፖሊስ ጣቢያ ያድራል።

በሁለቱም መንገድ የሚመጣው ቅጣት ብዙውን ጊዜ የሚቻል ነው። ተማሪውን ከትምህርት የሚያስቀረው፣ ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ የሚከተው፣ ከተያዘ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት በሀፍረት ተገፍቶ የሚወስነው ነገር ነው። ሳያነብ ይፈርማል። ለጥበቃ ወይም ለፖሊስ ገንዘብ ይሰጣል። ልብሱን ሰብስቦ ለማንም ሳይናገር ግቢውን ይለቃል። ከዚያም ደላላ ያገኘዋል። ስለዚህ ከታች ያሉትን ነጥቦች ከእነዚህ ውሳኔዎች በፊት ያንብቧቸው፤ ወላጅም ከሆኑ ልጅዎ ከመደወሉ በፊት ቢያውቋቸው ይጠቅማል።

የወደቀ ሰው ካለ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይ

ጓደኛዎ ጠጥቶ ሲጠሩት የማይሰማ፣ ሲቀሰቅሱት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ወይም ሰውነቱ የቀዘቀዘ ከሆነ ‹‹ይተኛና ይለቀዋል›› ብለው ዶርም ውስጥ አይተዉት። በጀርባው የተኛ ሰካራም በትውከቱ ታንቆ ሊሞት ይችላል። በጎኑ ያስተኙት፣ ከአጠገቡ አይራቁ፣ ቡና አያጠጡት፣ ቀዝቃዛ ውሃም አይድፉበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ሆሳዕና ውስጥ ወደ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ሌላ ከተማ ከሆኑ በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት። በተለይ ጥንካሬው የማይታወቅ የቤት አረቄ ተጠጥቶ ከሆነ ደቂቃ አያባክኑ። ‹‹ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪው) ያውቅብናል›› ብሎ መዘግየት ሰው ያስከፍላል፤ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት የሚመረቅ ጓደኛ ይሻላል።

ሕጉ የሚከለክለው ማንን ነው?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የጠፋው በዚሁ አዋጅ ነው። ልብ ሊሉት የሚገባው፣ ይህ ክልከላ የተጻፈው በሻጩ ላይ መሆኑን ነው። አሜሪካ ውስጥ የ19 ዓመት ተማሪ ቢራ ይዞ ሲገኝ ፖሊስ የክስ ወረቀት ይሰጠዋል፤ የሚቀጣውም እሱ ራሱ ነው። እኛ አገር ግን የ19 ዓመት ልጅ አንድ ጠርሙስ ቢራ ስለጠጣ ብቻ ‹‹ዕድሜህ አልደረሰም›› ተብሎ በዚህ አዋጅ አይከሰስም፤ የሚጠየቀው የሸጠለት ግሮሰሪ ነው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ‹‹ወንጀልህ ከ21 ዓመት በታች ሆነህ መጠጣት ነው፤ እዚህ ፈርም›› የሚል ሰው ቢገጥምዎ ነው። ያን ጊዜ ‹‹የትኛው ሕግ፣ የትኛው አንቀጽ?›› ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ሻጩ ማን እንደሆነ ከተጠየቁም እውነቱን ይናገሩ። የሚጠየቀው ዕድሜ ሳይጠይቅ የሸጠው ሰው መሆን አለበት፤ የግሮሰሪውን ባለቤት ለመሸፈን ብለው ራስዎን አይጉዱ።

ይህ ማለት ግን ጠጥተው ያደረጉት ነገር አያስጠይቅም ማለት አይደለም። መሳደብ፣ መማታት፣ ንብረት መስበር፣ በሌሊት ሰላም መንሳት በወንጀል ሕጉ ያስቀጣሉ። ‹‹ሰክሬ ነበር›› የሚለው ቃልም፣ ወዶ የሰከረን ሰው ከኃላፊነት ነፃ አያወጣውም። በአልኮል አዋጁ ልጅ የሆነ የ19 ዓመት ተማሪ በወንጀል ሕጉ ፊት ሙሉ ሰው ነው፤ ለአካለ መጠን መድረሻው 18 ነው። 18 ያልሞላዎት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከሆኑ ግን ወዲያውኑ ይናገሩ፤ ሕገ መንግሥቱ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል፣ ፍርድ ቤቱም ዕድሜዎን ቅጣት ማቅለያ ሊያደርገው ይችላል። የገጠር ልጆች የ12ኛ ክፍል ምዝገባ ላይ ያለው ዕድሜና የቀበሌ መታወቂያው የማይገጥምበት ጊዜ አለ። የትኛው እውነት እንደሆነ ወላጅዎን ጠይቀው ያንኑ ብቻ ይናገሩ፤ ለዚህ ጉዳይ ብለው አዲስ የልደት ቀን አይፍጠሩ።

ፖሊስ ጣቢያ ካደሩ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ላይ የያዘዎት አካል ለምን እንደያዘዎት በሚገባዎት ቋንቋ ወዲያው እንዲነግርዎት፣ ዝም የማለት መብትዎ እንዲጠበቅ፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርቡ ይደነግጋል። ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚወስደው ተገቢ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። በአንቀጽ 21 መሠረት ደግሞ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጎበኝዎት ይችላል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ልጆች አሉት፤ ሆሳዕና ዘመድ የሌለው ተማሪ የዶርም ጓደኛውን ወይም የአጥቢያውን ወንጌላዊ ማስጠራት ይችላል።

ብዙ ቀላል ጉዳዮች ፍርድ ቤት ሳይደርሱ በዋስ ያልቃሉ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ጉዳዩ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ ፖሊስ ራሱ ተጠርጣሪውን በዋስ እንዲለቅ ይፈቅድለታል። የመታወቂያ ዋስ ይበቃ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ቋሚ ሠራተኛ የሆነ፣ የቀበሌ መታወቂያ ያለው ሰው ስልክ በእጅዎ ይኑር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቃል መስጠቱ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ መጠጡ ገና ያልበረደለት ልጅ፣ መርማሪው የጻፈውን ሁለት ገጽ ሳያነብ ግርጌው ላይ ይፈርማል። ለመሄድ ስለቸኮለ ነው። ያ ወረቀት በኋላ ማስረጃ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ‹‹ቃሌን ስነቃ፣ ጠዋት ልስጥ›› ይበሉ። ሲሰጡም ያደረጉትንና ያዩትን ብቻ ይናገሩ። የማያስታውሱትን ‹‹አላስታውስም›› ይበሉ፤ ‹‹ጓደኞቼ መስታወቱን ሰብረሃል ብለውኛል›› እና ‹‹ሰብሬያለሁ›› አንድ አይደሉም። ከመፈረምዎ በፊት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ያንብቡ፣ የተሳሳተውን ያስተካክሉ፣ ባዶ የቀረ ቦታ ካለ መስመር እንዲሰመርበት ይጠይቁ። አማርኛ ወይም ሀዲይኛ በደንብ የማይገባዎት ከሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ስድብና ቀላል የእጅ እልፊት የግል አቤቱታ ሲቀርብባቸው ብቻ የሚያስከስሱ ጥፋቶች ናቸው። ተበዳዩ አቤቱታውን ካነሳ ጉዳዩ ሊዘጋ ይችላል። የሀገር ሽማግሌ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ በሀዲያም በከምባታም የሽማግሌ ቃል ይሰማል። ካሣውንና ይቅርታውን ግን በጽሑፍ ያድርጉት፣ ተበዳዩም ሽማግሌዎቹም ይፈርሙበት፣ ቅጂውን መርማሪው ጋር ያስቀምጡ። ከባድ የአካል ጉዳት ከደረሰ ሽምግልናው ልብ ያለዝብ እንጂ ዐቃቤ ሕጉን አያስቆመውም። ሽምግልናው የዩኒቨርሲቲውን ዲሲፕሊንም አይዘጋውም፤ ሁለቱ መዝገቦች ለየብቻ ይሄዳሉ።

‹‹ለሻይ›› የሚባለው

ለጥበቃው ወይም ለፖሊሱ ጥቂት ብር ሰጥቶ መታወቂያ ማስመለስ ቀላል ይመስላል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ፣ ቁጥር 881፣ ተቀባዩንም ሰጪውንም ይቀጣል። ማስጠንቀቂያ ሊያልቅበት ይችል የነበረን ጉዳይ በገዛ እጅዎ ሙስና አያድርጉት። ማንም ገንዘብ ከጠየቀዎት ስሙን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል ይመዝግቡ፤ ደረሰኝ ለሌለው ክፍያ እጅዎን ወደ ኪስዎ አይስደዱ።

ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሲቀርቡ

ለግቢ ተማሪ ዋናው ችሎት ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎችን ሥነ ምግባር የሚዳኙት በየራሳቸው የሴኔት ደንብ ነው፤ የአንዱ ከሌላው ይለያል፤ የአዲስ አበባ ጓደኛዎ የነገረዎት ለዋቸሞ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዎ የራስዎን ደንብ፣ ስለ ተማሪዎች ዲሲፕሊን የሚለውን ክፍል፣ ማግኘት ነው። ተማሪዎች ዲን ቢሮ ይጠይቁ፤ የተማሪዎች ኅብረት ይጠይቁ፤ የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉ።

ሲያነቡ በየትኛው ጥፋት እንደተከሰሱ ይለዩ። ጠጥቶ መግባት አንድ ነገር ነው። ጠርሙስ ወደ ዶርም ማስገባት ሌላ ነው፣ ለሌላ ተማሪ መሸጥ ሌላ ነው፣ ጥበቃን መሳደብ ወይም መግፋት ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ደንቡ የመጀመሪያ ጥፋትንና ተደጋጋሚውንም ለይቶ ሊያይ ይችላል። ቅጣቱ በተለምዶ ከቃልና ከጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይጀምርና ለሴሚስተር ወይም ለዓመት መታገድ፣ ከዚያም እስከ መጨረሻው መሰናበት ይደርሳል። የክስ ወረቀቱ ላይ ‹‹መረበሽ›› የሚል ተደርቦ ከሆነ ማን ተረበሸ፣ የት፣ ስንት ሰዓት ላይ ብለው ይጠይቁ። መጠጣቱን አምነው ረብሻውን መካድ ይችላሉ፤ አንዱን ማመን ሌላውን ማመን አይደለም።

የተያዙ ዕለት፣ ቢዘገይ በማግስቱ፣ የሆነውን በራስዎ እጅ ይጻፉ። ስንት ሰዓት ወጡ፣ የት ሄዱ፣ ምን ጠጡ፣ በሩ ላይ ስንት ሰዓት ደረሱ፣ ማን ነበር፣ ምን ተባባሉ። ለማንም አይስጡት፤ ለራስዎ ነው። ኮሚቴው በሳምንቱ ወይም በወሩ ሲጠራዎት ትዝታው ይደበዝዛል፣ የጓደኞችዎ ወሬም ይቀላቀልበታል። የጥበቃው ሪፖርት ‹‹ማታ 2 ሰዓት›› የሚል ሆኖ እርስዎ በዚያ ሰዓት ካፌ እራት እየበሉ ከነበረ ይህን የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ።

ክሱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ፣ ለመልስ ጊዜ እንዲያገኙ፣ ምስክር እንዲያቀርቡ፣ ውሳኔውም በጽሑፍ እንዲደርስዎ ይጠይቁ። የይግባኝ ጊዜው ስንት ቀን እንደሆነና ለማን እንደሚቀርብ ደንቡ ላይ ያረጋግጡ፤ ውሳኔው የደረሰዎትን ቀን ወረቀቱ ላይ ጽፈው ይፈርሙ፣ ምክንያቱም ይግባኙ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ያስገቡት ማመልከቻ ሁሉ ቅጂው እጅዎ ላይ ይቅር፣ መዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉበት። በደል ደርሶብኛል ብለው በውስጥ ይግባኝ መፍትሔ ካጡ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደል አቤቱታ ይቀበላል። የሕግ ትምህርት ክፍል ባለበት ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ መኖሩንም ይጠይቁ፤ መምህራኑ ማመልከቻ አጻጻፉን ያውቁታል።

ለጓደኛ ብለው ጥፋት አይሸከሙ። ሦስት ሆነው ገብተው ‹‹ጠርሙሱ የኔ ነው›› ያለው ልጅ ነው የሚታገደው፤ ሁለቱ ይመረቃሉ። የራስዎን ጥፋት ግን ሳያድበሰብሱ ይናገሩ፤ ይቅርታ ሲጠይቁም የጥበቃውን ክብር ነክተው ከሆነ ጥበቃውን ራሱን ይጠይቁ። ኮሚቴ የእውነትን ቃል ይለያል።

መታገድ የሚያስከትለው ነገርም ከስሙ ይረዝማል። ዶርሙና ካፌው ይቀራል፣ ክሊራንስ ይጨረሳል፣ ለመመለስ በተባለው ቀን ሪአድሚሽን ማመልከት ይጠይቃል። አንዳንድ ኮርስ በዓመት አንዴ ስለሚሰጥ የአንድ ሴሚስተር እገዳ ዓመት ሊበላ ይችላል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተናም አብሮ ይገፋል። የእገዳ ውሳኔ ሲሰጥዎ በየትኛው ሴሚስተር፣ በየትኛው ቀን እንደሚመለሱ በጽሑፍ ካልተቀመጠ ከቢሮው አይውጡ።

የሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ወይም የግል ኮሌጅ ተማሪ ሆነው ከተማ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ ከሆነ የበር ጥበቃ የለብዎትም፤ አከራይዎ ግን አለች። አብዛኛው ችግር ከእሷ ጋር በሚደረግ የጠዋት ይቅርታ ያልቃል። የኮሌጅዎን ደንብ ግን እርስዎም ያንብቡት።

ሴት ተማሪ ከሆኑ

መጠጥ ተሰጥቶዎት፣ ወይም ጠጥተው ሳሉ፣ ያልፈቀዱት ነገር ተፈጽሞብዎ ከሆነ ጉዳዩ የመጠጥ ጉዳይ አይደለም። መጠጣትዎ የፈጻሚውን ወንጀል አያጥበውም፤ ራሷን የማታውቅን ሴት መድፈር ወንጀል ነው። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያም ቶሎ ሲወሰድ ይሻላል። ስለዚህ ልብስዎን ሳያጥቡ፣ ሳይታጠቡ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የመጠጡ ቅጣት ይደርሳል፣ ይህ ግን አይጠብቅም። የተጎጂዋ የዶርም ጓደኞችም ‹‹ማን ጠጪ አላት›› ከማለት አብረዋት ይሂዱ።

ቤት ማን ይንገር?

በሀዲያና በከምባታ ይህ ጥያቄ ከፖሊሱም ከኮሚቴውም ይከብዳል። ወንጌላውያን ሚሲዮናውያን ሆሳዕና አካባቢ ከደረሱ መቶ ዓመት ሊሞላ ነው፤ የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ አጥቢያ የሌለበት ቀበሌ ማግኘት ያስቸግራል፣ ከምባታ ውስጥ የካቶሊክ ምእመንም ብዙ ነው። መጠጥ ከነጭራሹ የማይገባበት ቤት ብዙ ነው። የመዘምራን አባል የነበረ ልጅ ጠጥቶ ሲያዝ ከአገልግሎት ይታገዳል፣ አባቱም ሽማግሌ ከሆነ በጉባኤ ፊት ያፍራል። ይህን ሸክም አላቃልለውም። ልጆቻችንን ከብዙ ጉዳት የጠበቀ ልማድ ነውና አከብረዋለሁ። ነገር ግን ሀፍረቱ ልጅን ከቤት ካባረረ ጠብቆ ያቆየውን መልሶ ያጠፋዋል።

ወሬው ከመድረሱ በፊት ራስዎ ይንገሩ። ሆሳዕና ትንሽ ከተማ ናት፤ የሀድሮ ወይም የሾኔ ሰው ጠዋት ገበያ ላይ ያየውን ማታ ቤትዎ ያደርሰዋል። አባትዎ ቁጡ ከሆኑ አስቀድመው ለአጎትዎ ወይም ለታላቅ እህትዎ ይንገሩና አብረው ይደውሉ። አጭር ያድርጉት፤ ‹‹አባዬ፣ ቅዳሜ ማታ ጠጥቼ ስገባ በር ላይ ተይዣለሁ። የተጎዳ ሰው የለም። መታወቂያዬ ዲን ቢሮ ነው፣ ሐሙስ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። አጥፍቻለሁ፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው የደወልኩት።›› ከዚህ በኋላ ቁጣው ይምጣ፤ መልስ አይስጡ፣ ስልኩን ግን አይዝጉ።

መጋቢዎን ያነጋግሩ። ከኅብረት መታገድ የመመለሻ መንገድም አለው፤ ተናዝዞ የቀረበን ልጅ ደጅ ላይ የሚተው አጥቢያ ጥቂት ነው። መጠጡ ልማድ እየሆነብዎ እንደሆነም ራስዎን ይጠይቁ፤ በየሳምንቱ ከሆነ፣ ብቻዎን የሚጠጡ ከሆነ፣ ጠዋት እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የሐኪም እርዳታ ያስፈልግዎታል።

ጥሎ መሄድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በመጠጥ የተያዘ ልጅ ‹‹ፊቴን ለማን አሳያለሁ›› ብሎ የማቋረጫ ቅጽ (ዊዝድሮዋል) እንኳን ሳይሞላ ይጠፋል። ሳይሞሉ መሄድ ማለት ኮርሶቹ ኤፍ የሚሆኑበት፣ የመመለስ መብት የሚጠፋበት መንገድ ነው። የተማሩበት የወጪ መጋራት ዕዳም ይከተልዎታል፤ ትራንስክሪፕትዎን ለማውጣት ሲመጡ ይጠየቁበታል። ማቋረጥ ካለብዎ እንኳን ሬጅስትራር ሄደው ቅጹን ሞልተው፣ የኮሚቴው ውሳኔ ከታወቀ በኋላ ያድርጉት።

በአካባቢያችን ግቢውን ጥሎ የወጣ ልጅ ቤት ሲገባ የሚጠብቀው የደቡብ አፍሪካ ወሬ ነው። ሀዲያና ከምባታ ወደዚያ በብዛት ከሚሰደድባቸው አካባቢዎች ዋነኞቹ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ሰፈር ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው ወንድም፣ የተሸጠ በሬ፣ የተያዘ መሬት አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ማላዊ፣ ምዚምባ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ ስደተኞች የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዛምቢያ፣ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ነበር። የአንድ ዓመት እገዳ ከዚህ መንገድ ጋር አይወዳደርም። ደላላ በዚህ ሳምንት ከደወለልዎት ጉዳይዎን ሰምቶ ነው የደወለው፤ ውሳኔው በጽሑፍ እስኪደርስዎት ድረስ ምንም አይመልሱለት።

በሕጋዊ መንገድ ወደ ውጭ ለመማር ያሰቡ ከሆነም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የአሜሪካ ቪዛ ቅጽ ተይዘው ወይም ተፈርዶብዎት ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። አንድ ሌሊት ጣቢያ ማደር በራሱ ያስከለክላል ማለት አይደለም፤ መዋሸት ግን ያስከለክላል። ስለዚህ የተለቀቁበትን ወረቀት፣ የተዘጋ መዝገብ ከሆነ የመዘጋቱን ማስረጃ፣ ከዲግሪዎ ጋር ያስቀምጡት።

የተማሪዎች ዲን ቢሮዎችን አንድ ነገር እለምናለሁ። የሴኔት ደንቦቻችን ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፣ አዲስ ተማሪም የሚያነባቸው ከተከሰሰ በኋላ ነው። ምን ጥፋት እንደሆነ፣ ክሱ እንዴት እንደሚታይ፣ ይግባኙ ለማን በስንት ቀን እንደሚቀርብ የሚናገሩትን ሁለት ገጾች በአማርኛ አሳትማችሁ በምዝገባ ቀን ከዶርም ቁልፉ ጋር ስጧቸው፤ በየብሎኩ የፕሮክተር ቢሮ በር ላይም ለጥፉልን።